የትሏ ትርፍ ክሮሞሶም ምን ይነግረናል?

ባለፈው ሴሚስተር የባዮሎጂ ፈተና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፥ ከማደሪያችን ክፍሎች በአንዱ ተሰብስበን ደብተር ስናገላብጥ «የክሮሞሶም ጉድለቶች» ከሚል ርእስ ሥር አራት ቃላት ተደርድረው አገኘን፤ መጉደል፥ መደገም፥ መገልበጥ፥ መዛወር። ሁላችንም በቃላችን ያዝናቸው። ከመካከላችን አንዱ ግን «መጉደሉስ ይሁን፥ ጉድለት ነው፤ መደገም ግን ትርፍ ሆኖ ሳለ እንዴት ከጉድለት ይቆጠራል?» ብሎ ቢጠይቅ፥ «አንተ ደግሞ! ለፈተናው ይህ ይበቃል» ተባለና ዝም አለ። ፈተናውም መጣ፥ አራቱን ቃላት ጻፍን፥ ማርኩንም አገኘን። ይሁን እንጂ ጥያቄው ሳይመለስ መቅረቱ ስለከነከነን ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን፤ ያገኘነውንም ለእናንተ ለጓደኞቻችን እነሆ አቅርበናል። ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ትል ነው።

በአገራችን «ትል» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ወስፋትን ነው። ወስፋትም በእርግጥ ነማቶድ ከሚባሉት ድቡልቡል ትሎች ወገን ይቆጠራል። ኮሶ ግን ጠፍጣፋ ስለሆነ ነገዱ ሌላ ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ ለመድኃኒቱም ለፈተናውም አይበጅም። እኛ የምንናገርላት ትል ማንንም ሰው የማትነካ፥ በአፈርና በበሰበሰ ፍሬ ውስጥ ባክቴሪያ እየበላች የምትኖር፥ ቁመቷ 1 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ፍጥረት ናት። ስሟ ከቁመቷ ይበልጣል፤ ሴኖራብዳይቲስ ኤሌጋንስ ትባላለች። ከእንግዲህ ወዲህ በአጭሩ «ትሏ» እንላታለን።

ይህችን ትል ከአፈር አንሥቶ ለዓለም ያስተዋወቃት የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ የሆነው ሲድኒ ብሬነር ነው። በ1963 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሳለ፥ የነርቭ ሥራና የሰውነት አገነባብ በጂን እንዴት እንደሚታዘዝ ለማወቅ ቀላል እንስሳ ያስፈልጋል ብሎ ተነሣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ትሏ ለዚህ የተፈጠረች ትመስላለች። ከእንቁላል ተነሥታ ራሷ እንቁላል እስክትጥል የሚፈጅባት ሦስት ቀን ተኩል ያህል ነው። ሰውነቷ እንደ መስተዋት ስለሚያሳይ በሕይወት ሳለች በማይክሮስኮፕ እያንዳንዱ ሴል ይቆጠራል፤ ያደገችውም ፍናፍንት ትል ያሏት የአካል ሴሎች 959 ናቸው፥ ከነዚህም 302ቱ የነርቭ ሴሎች ናቸው። ብዙዎቹ ትሎች ፍናፍንት ስለሆኑ አንዷ ብቻዋን ራሷን አስረግዛ 300 ያህል ልጆች ታፈራለች። ወንድ የሚወለደው በሺህ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው፤ ግን ወንዱ ሲገኝ ማዳቀል ይቻላል። ለዘር ውርስ ተመራማሪ ከዚህ የሚበልጥ ምን ይፈለጋል?

ብሬነር ጂንን የሚለውጥ ኬሚካል ለትሎች እየሰጠ፥ ከልጅ ልጆቻቸው መካከል መልካቸው ወይም አካሄዳቸው የተበላሸውን እየለቀመ፥ በ1974 ውጤቱን አሳተመ። 300 ያህል የተለወጡ ትሎችን መርምሮ ወደ 100 የሚጠጉ ጂኖችን ለይቶ ነበር፤ ከነዚህም 77ቱ የትሏን እንቅስቃሴ የሚያውኩ ናቸው። ስማቸውም ከጠባያቸው ተወሰደ፤ መሄድ የሚቸገሩት «አንክ»፥ አጭርና ድብልብል የሆኑት «ዳምፒ» ተባሉ፥ በየተገኙበትም ተራ ቁጥር ተሰጣቸው። ትሏ ስድስት ጥንድ ክሮሞሶም አላት፤ አምስቱ በቁጥር ይጠራሉ፥ ስድስተኛው ኤክስ ነው። ፍናፍንቷ ሁለት ኤክስ ሲኖራት ወንዱ አንድ ብቻ አለው። እንግዲህ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ እያንዳንዱ ጂን በየትኛው ክሮሞሶም፥ በየትኛውም ቦታ ላይ ተቀምጧል የሚለው ነው።

የጂን ካርታ ሥራ የተጀመረው በተማሪ እጅ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1911 በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፥ በቶማስ ሀንት ሞርጋን ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው አልፍሬድ ስተርተቫንት ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚማር ልጅ ነበር። የፍሬ ዝንቦችን ቁጥር ወደ ቤቱ ይዞ ሄደና የትምህርት ቤት ሥራውን ትቶ ሲያሰላ አምሽቶ የመጀመሪያውን የክሮሞሶም ካርታ ሠራ፤ ጽሑፉም በ1913 ታተመ። የቤት ሥራ ለመተው ከዚህ የተሻለ ምክንያት ያለው ተማሪ ካለ ይንገረን። ሐሳቡ እንዲህ ነው። የእንቁላልና የአባለ ዘር ሴሎች ሲሠሩ ጥንድ ክሮሞሶሞች ቁራጭ ይለዋወጣሉ። በአንድ ክሮሞሶም ላይ ያሉ ሁለት ጂኖች ከተራራቁ በመካከላቸው ልውውጥ የሚደርስበት ዕድል ይበዛል፥ ከተቀራረቡ ያንሳል። ከመቶው አንዱ ተለዋውጦ ከተገኘ ርቀታቸው አንድ ነው ይባላል፤ ልኩም በሞርጋን ስም ሴንቲሞርጋን ተባለ።

ይህ ዘዴ ለትሏም አገልግሏል። ግን ሁለት ችግር ገጠመው። አንደኛው፥ በአምስቱ ቁጥር ያላቸው ክሮሞሶሞች መካከለኛ ክፍል ላይ ልውውጥ እምብዛም አይደረግም። ስለዚህ በዚያ ያሉት ጂኖች በካርታው ላይ እንደ መርካቶ ሱቆች ተጨናንቀው ይታያሉ፤ ማንኛው ከማንኛው በፊት እንደሆነ ለመለየት ትል በሺህ መቁጠር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ችግር የበለጠ ከባድ ነው። ለሕይወት በጣም አስፈላጊ የሆነ ጂን ሲበላሽ ትሏ ትሞታለች። የሞተች ትል አታዳቅልም፥ አትወልድም፥ ልጆቿም አይቆጠሩም። እንግዲያው አስፈላጊዎቹን ጂኖች ማጥናት የማይቻል ሆኖ ሊቀር ነው።

ያ ጓደኛችን የጠየቀለት ትርፍ ቁራጭ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ነገሩን ለማስረዳት መጽሐፍ እንውሰድ። ለክፍላችን ሁሉ ሁለት መማሪያ መጽሐፍ ብቻ አለ እንበል፤ በሁለቱም ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ አንድ መስመር ተበላሽቷል። ገጹ የትኛው እንደሆነ አናውቅም፤ የምናውቀው በመጽሐፉ መሠረት የሠራነው ስሌት አልወጣ ማለቱን ብቻ ነው። አንድ ወዳጃችን ከደኅናው መጽሐፍ ከገጽ 40 እስከ 75 ያለውን በስቴንስል አባዝቶ ሰጠን። ያንን ጥራዝ ጨምረን ስንሠራ ስሌቱ ወጣ። እንግዲያው የተበላሸው መስመር ከ40 እስከ 75 ባለው ውስጥ ነው። ሌላው ወዳጃችን ደግሞ ከገጽ 60 እስከ 90 ያለውን አመጣልን፤ በዚህ ብቻ ስንሞክር ስሌቱ አልወጣም። ስለዚህ ጥፋቱ ከ40 እስከ 59 ባሉት ገጾች ውስጥ መሆኑን የተበላሸውን መስመር ሳናይ አወቅን። ብዙ ወዳጆች፥ መነሻና መድረሻው የተለያየ ጥራዝ ይዘው ቢመጡ፥ አንዲቱን ገጽ ለይተን እስክናገኝ ድረስ ማጥበብ እንችላለን።

የትሏም ነገር ይኸው ነው። ሁለቱም ክሮሞሶሞቿ በአንድ ጂን የተበላሹባት ትል፥ ከጤነኛ ክሮሞሶም የተቆረጠ ትርፍ ቁራጭ ብትሰጣትና ጤነኛ ብትሆን፥ ጂኑ በዚያ ቁራጭ ላይ አለ ማለት ነው። ጤነኛ ካልሆነች የለም። ይህም የሚሠራው ጥፋቱ ሪሴሲቭ ሲሆን ነው፤ አንድ ደኅና ቅጂ ሲገኝ የሚሸፈን ሲሆን ማለታችን ነው። የጎደለ ክሮሞሶም ለዚህ ተቃራኒ የሆነ መልስ ይሰጣል፤ አንዱ ክሮሞሶም ጂኑ የተበላሸ፥ ሌላው ያ ቦታ ጨርሶ የተቆረጠለት ሲሆን ትሏ ታማሚ ሆና ትታያለች። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ለእኛ ግን በጤነኛ ትል «አዎን» የሚለው የትርፉ መልስ የሚሻል ይመስለናል። ጤነኛዋን ለሌላ ሥራ ማዳቀል ይቻላልና።

አሁን አንባቢ «የተቆረጠ ክሮሞሶም እንዴት በሴል ውስጥ ይኖራል? ሴል ሲከፈል አይጠፋምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ትክክል ነው። በሰውም በፍሬ ዝንብም በእያንዳንዱ ክሮሞሶም ላይ ሴንትሮሜር የሚባል አንድ ቦታ አለ፤ ሴል ሲከፈል የሚጎትቱት ክሮች የሚይዙት በዚያ ነው። ሴንትሮሜር የሌለው ቁራጭ የሚጎትተው ስለሌለ ወደ ኋላ ቀርቶ ይጠፋል። በትሏ ክሮሞሶም ላይ ግን መያዣው በአንድ ቦታ የተወሰነ አይደለም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቷል። የእኛ ክሮሞሶም በአንድ ገመድ እንደሚጎተት ሸክም ቢሆን፥ የትሏ በደቦ እንደሚነሣ ግንድ ነው፤ ግንዱ ቢቆረጥም ለቁራጩ የሚደርስ እጅ አይጠፋም። ዶና አልበርትሰንና ኒኮል ቶምሰን ይህን በ1982 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳይተዋል። ስለዚህም በትሏ ውስጥ ነጻ ትርፍ ቁራጭ፥ ማለትም ከየትኛውም ክሮሞሶም ጋር ሳይጣበቅ ብቻውን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሄድ ቁራጭ፥ ሊኖር ቻለ። ይሁንና ጥንድ የሌለው ስለሆነ አካሄዱ ፍጹም አይደለም፤ ከልጆቹ አንዳንዶቹ ይወርሱታል፥ አንዳንዶቹ አይወርሱትም። ይህን ጉድለት ልብ በሉልን፥ ኋላ እንመለስበታለን።

ቁራጮቹን በመሥራት ረገድ ቀደምት የሆነው በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሮበርት ኸርማን ነው። ከአልበርትሰንና ከብሬነር ጋር በ1976፥ ከሥራ ጓደኞቹም ጋር በ1979 ስለነዚህ ቁራጮች ጻፈ። ከመንገዶቹ አንዱ እጅግ ብልህ ነው። ጤነኛ ወንድ ትሎች የራጅ ጨረር እንዲመታቸው ይደረጋል፤ ጨረሩ በአባለ ዘራቸው ውስጥ ክሮሞሶም ይሰባብራል። ከዚያ በኤክስ ክሮሞሶሟ ላይ የ«አንክ» ጥፋት ካለባት ፍናፍንት ጋር ይዳቀላሉ። ወንድ ልጅ አንድ ኤክሱን የሚወስደው ከእናቱ ስለሆነ ወንዶቹ ልጆች ሁሉ እንደ እናታቸው መሄድ የሚቸገሩ መሆን አለባቸው። ከነዚያ መካከል አንድ ወንድ ቀጥ ብሎ ሲዋኝ ከታየ፥ ከአባቱ የተሰበረ የኤክስ ቁራጭ ሳይወርስ አልቀረም ተብሎ ይጠረጠራል። ጥርጣሬ ብቻ ነው፤ እናቱ ኤክስ የሌለበት እንቁላል ሰጥታው የአባቱን ሙሉ ኤክስ ወርሶ ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ እንደገና አዳቅሎ መመርመር ያስፈልጋል። ከተገኙት ቁራጮች አንዳንዶቹ ከሌላ ክሮሞሶም ጋር ተጣብቀው፥ አንዳንዶቹ ነጻ ሆነው ተገኙ።

ስለሚገድሉት ጂኖች የተነሣው ችግር እንዴት እንደተፈታ ለማየት ወደ ካናዳ እንሻገር። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የነበሩት አን ሮዝና ዴቪድ ቤይሊ የክሮሞሶም 1ን ግራ ክፍል የያዘ አንድ ትልቅ ነጻ ቁራጭ ነበራቸው፤ በ1984 ስለ አካሄዱ ጻፉ፥ በ1987 ደግሞ የሮዝ ቡድን በዚሁ ቁራጭ የሠራውን ሰፊ ጥናት አወጣ። አሠራሩን ቀስ ብለን እንከተል። ትሏ በሁለቱም ክሮሞሶም 1 ላይ ሁለት ጥፋት አለባት፤ አንዱ የሚያሳጥራት «ዳምፒ»፥ ሌላው አካሄዷን የሚያውክ «አንክ» ነው። ትርፉ ቁራጭ ደኅናውን የ«ዳምፒ» ጂን ይዟል፤ እስከ «አንኩ» ግን አይደርስም። ስለዚህ ቁራጩን የያዘች ትል ቁመቷ ደኅና፥ አካሄዷ ግን የታወከ ነው። ቁራጩ ያልደረሳት ልጇ አጭርም፥ አካሄደ ብልሹም ትሆናለች። ሁለቱን በዓይን መለየት ቀላል ነው። አሁን በኬሚካል ምክንያት ቁራጩ በሚሸፍነው ቦታ ላይ አዲስ ገዳይ ጥፋት በሁለቱም ክሮሞሶሞች ላይ ቢኖር ምን ይሆናል? ቁራጩን የያዘችው ትል በቁራጩ ላይ ባለው ደኅና ቅጂ ትድናለች፥ ትወልዳለችም። ቁራጩ ያልደረሳቸው ልጆች ግን ሳያድጉ ይሞታሉ። ተመራማሪው በሳህኑ ላይ ሲመለከት አጫጭሮቹ ትሎች የሉም። የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ የታየውን ሳይሆን የጠፋውን ይቆጥራል።

በዚህ መንገድ ለሕይወት አስፈላጊ በሆኑ ጂኖች ላይ የደረሱ ብልሽቶች በመቶ የሚቆጠሩ ተገኙ። እነዚህን የተሸከሙ ትሎች በትርፉ ቁራጭ ድጋፍ እየኖሩ ይራባሉ። ከዚያ በኋላ አጫጭር ቁራጮችን እየተጠቀሙ፥ በመጽሐፉ ምሳሌ እንዳየነው፥ የእያንዳንዱን ቦታ ማጥበብ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ጂን የት እንደ*ተቀመጠ* ነው። ነገር ግን ጂን የት እንደሚ*ሠራ* ማወቅ ሌላ ነገር ነው፤ ለዚህ ያገለገለው ያ «ጉድለት» ያልነው የቁራጩ መጥፋት ነው። ነጻው ቁራጭ በውርስ ጊዜ ብቻ ሳይሆን፥ አልፎ አልፎ በትሏ ሰውነት ዕድገት ውስጥ፥ አንድ ሴል ሁለት ሲሆን፥ ከሁለቱ ለአንዱ ሳይደርሰው ይቀራል። ያ ሴል ወልዶ የሚያበዛቸው ሁሉ ቁራጩ የሌላቸው ይሆናሉ፤ የሌላው ወገን ግን ይኖራቸዋል። እንዲህ ያለችው ትል ሙዛይክ ትባላለች፤ እንደ ጠጠር ሥዕል ከሁለት ዓይነት ሴል የተሠራች ናት። ጆን ሰልስተንና ጓደኞቹ በ1983 የእያንዳንዱን ሴል የትውልድ ሐረግ ከእንቁላሉ ጀምረው ጽፈው ስለጨረሱ፥ ቁራጩ የጠፋው በየትኛው ሴል ላይ እንደሆነ ከሐረጉ ተነሥቶ ማወቅ ይቻላል። ኸርማን ይህን የሙዛይክ ዘዴ በ1984 አቀረበ። በ1995ም ከኤድዋርድ ሄጅኮክ ጋር ሆኖ፥ ቁራጩ የሌለው ሴል በኑክሊየሱ ውስጥ ያለው ኑክሊዮለስ ተልቆ በሕያዋ ትል ላይ እንዲታይ የሚያደርግ ምልክት አሳየ።

ከዚህ ዘዴ የተገኘውን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ይቈጨናል። ፍናፍንቷ ትል ስታድግ 1,090 የአካል ሴሎች ይፈጠራሉ፤ ከነዚህ 131ዱ በተወሰነላቸው ሰዓት ይሞታሉ፥ 959ኙ ይቀራሉ። ሞታቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ በሁሉም ትል ላይ ያው ሴል በዚያው ጊዜ ይሞታል። በሮበርት ሆርቪትዝ ላቦራቶሪ በ1986 «ሴድ-3» እና «ሴድ-4» የተባሉ ጂኖች ሲበላሹ እነዚያ ሴሎች ሳይሞቱ እንደሚቀሩ ታወቀ። ታዲያ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሴሉን ጎረቤቶቹ ይገድሉታልን? ወይስ ራሱን ይገድላል? የጂኑን ቦታ ማወቅ ብቻውን ይህን አይመልስም። በ1990 ጁንዪንግ ዩዋን እና ሆርቪትዝ በሙዛይክ ትሎች መረመሩት። ደኅናው ጂን በራሱ በሴሉ ውስጥ ከሌለ፥ ሌሎቹ ሴሎች ቢኖራቸውም፥ ያ ሴል አይሞትም ሆነ። ስለዚህ ሁለቱ ጂኖች የሚሠሩት በሚሞተው በራሱ ሴል ውስጥ ነው፤ ፍርዱም ፈጻሚውም በውስጡ ነው። ጎረቤቶቹ ሬሳውን ውጠው ያነሣሉ። በ1993 «ሴድ-3» ሲነበብ በሰው ሴል ውስጥ ካለ ፕሮቲን ቈራጭ ኤንዛይም ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ተገኘ። የካንሰር ሴል ከሚታወቅበት ነገር አንዱ መሞት ሲገባው አልሞትም ማለቱ ስለሆነ፥ የዚህች የ1 ሚሊሜትር ትል ጉዳይ የሐኪሞችም ጉዳይ ሆነ። በ2002 ብሬነር፥ ሰልስተንና ሆርቪትዝ የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ዛሬስ? የትሏ ጠቅላላ የዘር ጽሑፍ፥ 100 ሚሊዮን ያህል ፊደላት፥ በ1998 ተነቦ ታትሟል፤ 20 ሺህ ያህል ጂኖችም ተቆጥረዋል። የተለወጠች ትልን ጽሑፍ ሁሉ ማንበብ የቀናት ሥራ ሆኗል። «እንግዲያው ካርታና ቁራጭ ምን ያደርጋሉ?» ለሚሉ ወዳጆቻችን ግን እንዲህ እንመልሳለን። በኬሚካል የተለወጠች ትል አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ ለውጥ ትሸከማለች፤ ንባቡ የሁሉንም ዝርዝር ይሰጠናል እንጂ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አይነግረንም። ያንን ለማወቅ ቦታውን ማጥበብ፥ ከዚያም ደኅናውን ቅጂ ሰጥቶ ትሏ ትድን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። አሁን ደኅናው ቅጂ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በመርፌ ነው፤ በእንቁላል ማፍሪያዋ ውስጥ የተወጋው ዲኤንኤ እርስ በርሱ ተቀጣጥሎ እንደ ትንሽ ክሮሞሶም ይሆናል፥ ልክ እንደ ነጻው ቁራጭም አንዳንዱ ልጅ ይወርሰዋል፥ አንዳንዱ ያጣዋል፥ ሙዛይክም ያወጣል። መያዣው በክሮሞሶሙ ሁሉ ላይ የተዘረጋ ባይሆን ኖሮ ይህ እንዲህ ቀላል ባልሆነ ነበር።

የጥንቶቹ ቁራጮችም አልተጣሉም። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ባለው የትሎች ማከማቻ፥ እነዚያን የ1970ዎቹን የኤክስ ቁራጮች የተሸከሙ ትሎች በቅዝቃዜ ተቀምጠዋል። ለጠየቀ ላቦራቶሪ በትንሽ ሳህን ላይ ሆነው በፖስታ ይላኩለታል፤ ከበረዶው የወጡትም ትሎች ጥቂት ቆይተው መንቀሳቀስ፥ ከዚያም ባክቴሪያቸውን መብላት ይጀምራሉ።